የወረታ ሩዝ ፎርም ሲሞላ

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዘ ወረታ ይደርሳል። እዚያ መንገዱ ይከፈላል፤ አንደኛው ወደ ጎንደር ይቀጥላል፣ ሌላው በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ ድረስ ይዘልቃል። መንታ መንገድ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ነጋዴ አያጣም። ነጋዴ ባለበት ሒሳብ አለ፤ ሒሳብ ባለበት ደግሞ ክርክር አለ።

የወረታ ክርክር ከሞላ ጎደል ስለ ሩዝ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ሲወርዱ የፎገራን ሜዳ በየክረምቱ ውኃ ያለብሱታል። ድሮ ሜዳው ስሙ የሚነሳው በከብቱ ነበር፤ የፎገራ ላም በወተቷ በአገሪቱ የታወቀች ናት። ውኃ የተኛበት መሬት ግን ለእህል አይመችም ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ሲያለማምዱ ነገሩ ተገለበጠ፤ ጠላት የነበረው ውኃ ወዳጅ ሆነ። ኤክስ-ጅግና የተባለው ዝርያ እስከ ዛሬ የዚያን ቀበሌ ስም ይዞ በየማሳው ይዘራል። መንግሥት ሩዝን «የሚሊኒየም ሰብል» ብሎ ሾመው፤ ወረታ ላይም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተከፈተ። ሩዙም ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆነ።

አዝመራው እንዲህ ሲበዛ ሒሳቡም በዛ። ጤፍ ይመዘናል፣ ይከፈልበታል፣ አበቃ። ሩዝ ግን ከገበሬው እጅ ሲወጣ ገና ቅርፊቱን ለብሷል። ማሽን ቤት ገብቶ ሲፈለፈል ከመቶው ኪሎ ከ60 እስከ 70 የሚሆነው ነጭ ሩዝ ይወጣዋል፤ የቀረው ቅርፊትና ለከብት የሚሆን ብናኝ ነው። ከነጩም ውስጥ ስብርባሪው ለብቻው ይለቀማል፤ ዋጋውም ለብቻው ነው። የማሽን ኪራይ አለ፣ ጫኝና አውራጅ አለ፣ ደላላ አለ፣ ማዳበሪያው ራሱ ዋጋ አለው። ገበሬው ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ ያሰላል፤ ነጋዴው በስልኩ ካልኩሌተር ያሰላል፤ ቢሮ ያለችው ሒሳብ ሠራተኛ በኤክሴል ታሰላለች። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጨርሰው ገበሬው ነው።

አሁን አንድ የሩዝ መፈልፈያ ድርጅት ይታሰብ። ስም የለውም፤ በየከተማው ግን አይጠፋም። የዚህ ድርጅት ነፍስ ያለችው ሒሳብ ሠራተኛዋ ባለፉት ዓመታት ባደራጀችው የኤክሴል ፋይል ውስጥ ነው። በቢጫ የተቀባ ዓምድ አለው፤ ከላዩ «አይነካ» ይላል። በአረንጓዴ የተቀባም አለው፤ እሱ ለምን አረንጓዴ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እሷ የዓመት ፈቃድ ስትወጣ የድርጅቱ ሒሳብም አብሯት ፈቃድ ይወጣል።

ባለቤቱ አንድ ቀን ወሰኑ። ኤክሴል ይቅር፤ ሁሉም በኤሌክትሮኒክ ፎርም ይሁን። ፎርም ማለት ሣጥኖቹ ብቻ የሚታዩበት፣ ፎርሙላው ግን ከጀርባ ተቆልፎ የሚቀመጥበት ሰነድ ነው፤ ሠራተኛው ቁጥር ያስገባል፣ ድምሩ ራሱ ይመጣል፣ ማንም በስሕተት ፎርሙላ ላይ ቁጥር አይጽፍም። ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 ካርመን ራይንሃርትና የሃርቫርዱ ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች ስለ መንግሥታት ዕዳ ባወጡት ታዋቂ ጥናት የኤክሴሉ አማካይ አምስት አገሮችን ዘልሎ ነበር፤ ከአውስትራሊያ እስከ ዴንማርክ በፊደል ተራ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ከፎርሙላው ውጭ ቀርተዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ያጋለጣቸው ቶማስ ሄርንደን የተባለ ተማሪ ነው። በ2020 ደግሞ እንግሊዝ 15,841 የኮሮና ታማሚዎች ከቆጠራዋ ወደቁባት፤ ምክንያቱ የቆየው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አለመያዙ ነበር። ሃርቫርድና ለንደን እንዲህ ከሆኑ የወረታው ነጋዴ ቢፈራ ማን ይፈርድበታል?

ፎርሙን እንዲሠራ ከባሕር ዳር አንድ ወጣት መጣ። ኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀ፣ ጎበዝ፣ ትሑት ልጅ ነው። ፋይሉን ከፍቶ ካየ በኋላ «እትዬ፣ ይሄ ቀላል ነው፤ ሁለት ቀን» አላት። ሒሳብ ሠራተኛዋ ምንም አልመለሰችም፤ ሻይ አዘዘችለት።

የመጀመሪያው ችግር ምንም ያልተጻፈበት ሣጥን ነበር። ኤክሴል ባዶ ሴል ሲያይ ዜሮ ነው ብሎ ያልፋል። ፎርሙ የሚሠራበት ጃቫስክሪፕት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ግን ባዶ ሣጥንን ቁጥር አይለውም፤ ባዶ ጽሑፍ ነው የሚለው። ጽሑፍ ከቁጥር ጋር ሲደመር ደግሞ ቁጥሩም ጽሑፍ ይሆንና ጎን ለጎን ይለጠፋል። በዚያ ጭነት ደላላ ስላልነበረ የደላላው ሣጥን ባዶ ቀረ፤ ለጫኝ 350 ብር፣ ለገመድና ለመስፊያ 75 ብር ገባ። ድምሩ 425 መሆን ሲገባው ፎርሙ 35075 ብሎ አወጣ። ባለቤቱ ይህን ያዩት ወጪው ላይ ስለሆነ ጮኹ። ገቢው ላይ ቢሆን ኖሮ ስንት ቀን ዝም እንደሚሉ መገመት ይቻላል።

ልጁ ይህን አስተካከለና ወደ ደመወዙ ተሻገረ። ኢትዮጵያ ውስጥ ደመወዝ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ የታወቀ ፎርሙላ አለው፤ «ኢፍ» በ«ኢፍ» ውስጥ፣ እሱም በሌላ «ኢፍ» ውስጥ፣ መጨረሻው ላይ የቅንፍ ሰልፍ። ማን እንደጻፈው አይታወቅም፤ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት በፍላሽ ይተላለፋል። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ጊዜ 142.50፣ 302.50፣ 565፣ 955 እና 1,500 የሚሉት ተቀናሾች ለሒሳብ ሠራተኛ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃል የሚደገሙ ነበሩ። ከዚያ ማሻሻያው መጣ፤ አዋጅ ቁጥር 1395/2017። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ እስከ 2,000 ብር ያለው ደመወዝ ከግብር ነፃ ሆነ፤ ከዚያ በላይ ያለው 15፣ 20፣ 25፣ 30 እና 35 በመቶ ሲሆን ተቀናሾቹ 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 ሆኑ። 5,000 ብር የሚከፈለው የማሽን ሠራተኛ በድሮው 697.50 ብር ግብር ይቆረጥበት ነበር፤ በአዲሱ 500 ብር ሆነለት። 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 350 ብር፣ ሲወጣለት በእጁ የሚገባው 4,150 ብር ነው።

ፎርሙ ላይ ግን ሠራተኛው ሌላ ቁጥር ታየው። ፎርም ሣጥኖቹን የሚያሰላበት የራሱ ቅደም ተከተል አለው፤ ይህም ገጹ ላይ ከተደረደሩበት ቅደም ተከተል ጋር ላይገጥም ይችላል። ልጁ የተጣራውን ደመወዝ ሣጥን ቀድሞ ስለሠራው ፎርሙ የተጣራውን ከግብሩ በፊት ያሰላ ጀመር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የሚቀነስለት ከእሱ በፊት የተሞላው ሠራተኛ ግብር ነበር። አንዴ ዘበኛው የሥራ አስኪያጁን ግብር ከፈለ፤ ሌላ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ የዘበኛውን። ሥራ አስኪያጁ አሠራሩ ዘመናዊ መሆኑን አድንቀው ነበር።

«ኔት ደመወዝ»ስ? ይህ የአገራችን የቅጥር ድርድር መደበኛ ቋንቋ ነው፤ ተቀጣሪው ስለ ግብር መስማት አይፈልግም፤ «በእጄ 6,000 ይግባልኝ» ይላል። ሒሳብ ሠራተኛዋ ኤክሴል ላይ «ጎል ሲክ» የሚለውን ትጫናለች፤ ኮምፒውተሩ ትንሽ ይንቀጠቀጥና ጥቅሉን ደመወዝ ፈልጎ ያመጣል። ፎርም እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ልጁ ወረቀት አወጣና ወደ ኋላ ማስላት ጀመረ። መጀመሪያ በ20 በመቶው እርከን ሞከረ፦ ከ6,000 ላይ 500 ቀንሶ ለ0.73 ሲያካፍል 7,534.25 ብር መጣ። ችግሩ የ20 በመቶው እርከን 7,000 ላይ ያበቃል፤ መልሱ ከራሱ ጥያቄ ውጭ ወጥቷል። በ25 በመቶው ሞከረ፦ 850 ቀንሶ ለ0.68 አካፈለ፤ 7,573.53 ብር። ግብሩ 1,043.38፣ ጡረታው 530.15፤ ልክ 6,000 ይቀራል። ይህን ሁሉ እርከን በእርከን እየሞከረ ትክክለኛው ላይ እንዲቆም አድርጎ ጻፈው። ሁለቱ ቀናት ካለፉ ሰንብተዋል።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን እኔ በአንድ ጠቅታ ነበር የማገኘው» አለች ሒሳብ ሠራተኛዋ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

ብድሩም እንዲሁ ነው። ኤክሴል «ፒኤምቲ» የሚባል ዝግጁ ፎርሙላ አለው፤ ፎርሙ ላይ ግን ቀመሩ ከሥሩ መጻፍ አለበት። 100,000 ብር በዓመት 18 በመቶ ወለድ በ12 ወር ይከፈል ቢባል፣ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ከታሰበ ወርኃዊ ክፍያው 9,168 ብር ነው፤ በድምሩ 110,016 ብር ይሆናል። ወለዱ እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው ገንዘብ ላይ ከታሰበ ግን በየወሩ 9,833.33፣ በድምሩ 118,000 ብር ነው። ሁለቱም «18 በመቶ» ይባላሉ። ልጁ የትኛውን ልጻፍ ብሎ ባለቤቱን ሲጠይቃቸው፣ ሲበደሩ በመጀመሪያው፣ ለገበሬ በዱቤ ሲሰጡ በሁለተኛው እንዲሆን መረጡ። ፎርሙ ግን አንድ ሣጥን ብቻ ነበረው፤ ልጁም አንዴ ሣጥኑን አንዴ እሳቸውን እያየ ቆየ።

ከሁሉ የከፋው ቀን ማስገቢያው ነው። የኤክሴል የቀን ቆጠራ የፈረንጅ ነው፤ ያውም ጉድለት ያለበት። እ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 29 ቀን 1900 የሚባል ቀን በዓለም ላይ ኖሮ አያውቅም፤ ኤክሴል ግን ነበረ ብሎ ይቆጥረዋል። ስሕተቱ መጀመሪያ ሎተስ 1-2-3 የተባለው ቀዳሚ ፕሮግራም ነበር፤ ማይክሮሶፍት የሎተስ ፋይሎች እንዳይበላሹ ብሎ ስሕተቱን እንዳለ ወረሰው። ያልነበረውን ቀን የሚያምን ፕሮግራም ታዲያ ወረታ ላይ ያሉትን አምስት ወይም ስድስት የጳጉሜ ቀናት አያውቃቸውም።

አለማወቁስ ባልከፋ፤ የሚያውቅ ይመስለዋል እንጂ። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አቀማመጥ ላይ ከሆነ መጀመሪያ የሚያነበው ወሩን ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ጳጉሜ 5 ቀን 2016ን እንደ ልማዷ 5/13/2016 ብላ ብትጽፍ፣ ሜይ 13 ቀን 2016 ነው ብሎ በደስታ ይቀበላል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 5 ቀን 2008 ነው። በዓመቱ የመጨረሻ ቀን የተቆረጠው ደረሰኝ በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። በሌሎቹ ወራት ደግሞ ከ1 እስከ 12 ያሉትን ቀናት ቀኑን ከወሩ አምታትቶ ይቀበላል፤ ከ13 እስከ 30 ያሉትን ግን እንደ ጽሑፍ በግራ በኩል ያስቀምጣቸዋል። ከ30ው ቀን 12ቱን በስሕተት አምኖ፣ 18ቱን ደግሞ በእውነታቸው ተጠራጥሮ ማለት ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ይህን ሁሉ በአንድ ዘዴ ነበር የምትገላገለው፤ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ትጽፋለች። ያ አረንጓዴው ዓምድ ወሩ ነበር።

ልጁ አረንጓዴው ሲገለጥለት መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ፎርሙ ላይም ሦስት ሣጥን ሠራ።

ሳንቲሟም ትቆጠር። የአንድ ሳንቲም ፍራንክ ገበያ ላይ ካየናት ዘመን አልፏል፤ ኦዲተር ግን ዛሬም ይፈልጋታል። ዋጋቸው 12.35 ብር የሆነ ሦስት ዕቃዎች ይሸጡ እንበል። 15 በመቶው ቫት በየዕቃው ተሰልቶ ሲጠጋጋ 1.85 ይሆናል፤ በሦስት 5.55። ከድምሩ፣ ከ37.05 ላይ፣ ከተሰላ ግን 5.56 ነው። ኤክሴሉ ከድምሩ ያሰላ ነበር፤ ፎርሙ በየረድፉ ያሰላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንድ ሳንቲም ልዩነት ወጣና ግማሽ ቀን ፍለጋ ተካሄደ። በዚያ ግማሽ ቀን የተጠጣው ቡና ብቻ ስንት ሳንቲም እንደነበረ ኦዲተር ቢጠይቅ የሚሞላበት ሣጥን አልነበረም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ፎርሙ ተጠናቀቀ። የቀረው የሩዝ መግዣው ነበር፤ እሱ ቀላሉ ይመስል ነበር፤ ክብደት በዋጋ ተባዝቶ ይከፈላል። ነገር ግን ኤክሴሉ ውስጥ ርዕስ የሌለው አንድ ጠባብ ዓምድ ተገኘ። አንዳንዴ 5፣ አንዳንዴ 12፣ አንዳንዴ ባዶ፤ ሁልጊዜ ግን ከክብደቱ ላይ የሚቀነስ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እትዬ?»

«እሱማ እንደ ሁኔታው ነው።»

ሁኔታው ሲዘረዘር ብዙ ሆነ። የማዳበሪያው ክብደት አለ። ሩዙ ሳይደርቅ ከመጣ የእርጥበቱ አለ። አፈርና ገለባ ያለበት እንደሆነ እሱም አለ። ያለፈው ዓመት ቀሪ ዕዳ አንዳንዴ በዚያው ይገባል። የባለቤቱ ዘመድ ከሆነ ደግሞ ምንም አይቀነስም፤ ባዶው እሱ ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ይህን ሁሉ ሰው አይታ፣ ሩዙን በጥርሷ ሰብራ፣ በአንድ ቁጥር ትጨርሰዋለች። ፎርም ግን ስም የሌለው ሣጥን አይቀበልም። ተመካከሩና «ልዩ ልዩ ተቀናሽ» ብለው ጻፉበት።

በመጀመሪያው ቀን ሰባት ማዳበሪያ ሩዝ ይዘው የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ፎርሙ ታትሞ ተሰጣቸው። አብራቸው የመጣችው የልጅ ልጃቸው ተማሪ ነች፤ አነበበችላቸው። ሚዛኑ 692 ኪሎ፤ ልዩ ልዩ ተቀናሽ 12 ኪሎ፤ የሚከፈልበት 680 ኪሎ።

«ልዩ ልዩ ምን ማለት ነው?» አሉ አዛውንቱ።

«አባቴ፣ ያው ድሮም የነበረ ነው፤ አሁን ስለተጻፈ ነው እንጂ።»

«ድሮማ አላየሁትም ነበር። ከምን ከምን ነው?»

«ሰባቱ ኪሎ የማዳበሪያው ነው፤ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ።»

«ባዶ ማዳበሪያ አንድ ኪሎ ይመዝናል?»

ይመዘን ተባለ። ሰባቱም ባዶ ማዳበሪያዎች ተደራርበው ሚዛን ላይ ወጡ፤ ሰባቱ አንድ ላይ አንድ ኪሎ ገደማ ሆኑ። በር ላይ ተራ ሲጠብቁ የነበሩት ገበሬዎች ቀረብ ቀረብ አሉ። ባለቤቱ ከቢሯቸው ወጡ፤ ነገሩን አይተው ተመልሰው ገቡ።

ልጁ ኮምፒውተሩን ከፍቶ «ልዩ ልዩ»ን ሊበታትን ተቀመጠ። አንዱ ሣጥን የማዳበሪያ ሆነ፤ ስድስት ኪሎ ወዲያው ለአዛውንቱ ተመለሰ። ሁለተኛው የእርጥበት ሆነ፤ አዛውንቱ ሩዙን ከነከሱ በኋላ ሒሳብ ሠራተኛዋም ነከሰች፤ በሁለት ኪሎ ተስማሙ። ሦስተኛው የአፈርና የገለባ ሆነ፤ እዚህ ላይ ተራ ጠባቂዎቹ ሁሉ ሐሳብ ስለነበራቸው ጊዜ ወሰደ፤ በመጨረሻ አንድ ኪሎ ተባለ። ለአራተኛው ሣጥን ምክንያት የሚሰጥ ሰው ጠፋና ተሰረዘ። 692 ላይ የተቀነሰው በጠቅላላ አራት ኪሎ ብቻ ሆነ።

«ሌላ የሚጨመር ሣጥን አለ?» አለ ልጁ፣ እጁ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ።

«አለ እንጂ» አሉ አዛውንቱ። «ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ለቆምኩበት የሚሆን።»

ልጁ ሣጥኑን ሠራና ወደ ሒሳብ ሠራተኛዋ ዞረ። «እትዬ፣ ይሄስ ይደመራል ወይስ ይቀነሳል?»

ከእሷ በፊት የመለሱት አዛውንቱ ናቸው። «እስካሁን ያሉት ሁሉ የሚቀነሱ አልነበሩ? አንዱ እንኳ ይደመር እንጂ!»